አንድ ሰው፣ አራት አበበ

ስልካችሁን ክፈቱና «አበበ» ብላችሁ ፈልጉ። አበበ ጋራዥ፣ አበበ አዲሱ፣ አበበ 2፣ ደግሞ በላቲን ፊደል የተጻፈ ሌላ አበበ። ሲም ካርዱ ላይ በ09 የተመዘገበው ቁጥር ኢሜይሉ ላይ በ+251 ይደገማል። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. በይፋ ሥራ ሲጀምር ደግሞ በ07 የሚጀምር ቁጥር መጣ።

የጉግል አድራሻ መዝገብ ተደጋጋሚዎቹን ፈልጎ ላዋህዳቸው ይላል። ሁሉንም በአንዴ እሺ ማለት ግን አልመክርም። ብዙዎቻችን የአባት ስም እንኳ አናስገባም፤ ሁለት የተለያዩ አበበዎች አንድ ከሆኑ፣ ለመካኒኩ ያሰባችሁት ቁጣ አማቻችሁ ጆሮ ይገባል። አንድ በአንድ እያያችሁ አዋህዱ። የምታስቀሩትን ቁጥር በ+251 አድርጉት፤ ከውጭ አገር ስትደውሉም ይሠራል። ብትሳሳቱ ጉግል መዝገቡን እስከ 30 ቀን ወደኋላ ይመልስላችኋል። አማቻችሁን ማስታረቁ ግን የእናንተ ፋንታ ነው።