አስታማሚውንስ ማን ጠየቀው?
ስትሮክ የጣላትን ሚስቱን የሚያስታምም ባል በየሰፈራችን አለ። አልጋ የያዘ ሰው ጀርባው እንዳይቆስል በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ ያስፈልጋል፤ ሌሊትም ጭምር። ታዲያ ይህ ሰው መቼ ይተኛል? ከሥራ ፈቃድ ልጠይቅ ቢልም፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከዓመት ፈቃድ ውጪ ለከባድ ችግር የሚሰጠው ያለ ክፍያ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ነው፤ ያውም በበጀት ዓመት 2 ጊዜ ብቻ። ጠያቂው «እንዴት አደረች?» ብሎ ይሄዳል። «አንተስ እህል ቀምሰሃል?» የሚለው የለም። አስታማሚውም ወንድ ነኝ ብሎ ደከመኝ ለማለት ያፍራል። ዕድራችን ለሐዘን ድንኳን ይተክላል፤ በሕይወት ላለው አስታማሚ ተረኛ መመደብ ለምን ያቅተዋል? «ምን ላግዝህ?» አትበሉት፣ «ምንም» ይላችኋል። «ቅዳሜ 8 ሰዓት ከባለቤቴ ጋር እንመጣለን፤ እሷ ታጥባታለች፣ አንተ እስከ ማታ ተኛ» በሉት።