የሸዋ ሮቢት ታፔላዎችና የፊደል አጣጣላችን

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ በሥዕል ክበብ ስም የተነገረ)



የማኅበራችን ኮሚቴ በአዲሱ የንባብ ክፍል በር ላይ ስለሚሰቀለው ታፔላ አሳባችንን እንድንገልጽ ክበባችንን ጠይቆ ነበር። የቀረበልን ናሙና በኮምፒውተር የተነደፈ፥ በባነር ላይ የሚታተም ነው። ጽሕፈቱ ሆነ ተብሎ አሮጌ እንዲመስል ተደርጓል፤ ጠርዙ የተፋቀ፥ ቀለሙ የገረጣ፥ ዙሪያውን በውጭ አገር የመጠጥ ጠርሙስ ላይ የምናየው ዓይነት ሐረግ የዞረበት ነው። ይህን መልክ በባሕር ማዶ «ቪንቴጅ» ይሉታል። ናሙናውን የነደፈው ጓደኛችን ትጉህ ሰው ነው፤ እጁን አንነቅፍም። ነገር ግን መልሳችንን ከመስጠታችን በፊት አንድ ቅዳሜና እሑድ ወደ ሸዋ ሮቢት ወርደን ነበርና ያየነውን ልንነግራችሁ እንወዳለን። ናሙናው ሊመስለው የሚደክምለት ነገር እዚያ በየደጃፉ ተሰቅሎ ይገኛል።

ሸዋ ሮቢት የመንገድ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደሴ መንገድ ላይ ትገኛለች። ተጓዡ በጣርማ በር ጉም ውስጥ ጋቢውን እንደ ተከናነበ ይመጣና ደብረ ሲናን አልፎ ቁልቁል ሲወርድ ብዙ ሳይቆይ ኮቱን አውልቆ ቀዝቃዛ ውሃ ይጠይቃል። አሰብ የአገራችን ዋና ወደብ በነበረበት ዘመን በኮምቦልቻ በኩል የሚመላለሰው ከባድ መኪና በዚሁ መንገድ ያልፍ ነበር። ከዚህም የተነሣ የከተማይቱ ታፔላ የሚጻፈው ቆሞ ለሚያነብ ሰው አይደለም፤ ከሚሮጥ መኪና መስኮት አንገቱን አውጥቶ ለሚያይ ሹፌር ነው። ጎማው የተነፈሰበት ሰው ሐረግና ጌጥ አይፈልግም፤ «ጎሚስታ» የሚለውን ቃል ከሩቅ ማየት ይፈልጋል። አንድ ጎሚስታ ታፔላ እንኳ አላወጣም። ያረጀ ጎማ አቁሞ በነጭ ቀለም ጽፎበታል፤ አራቱ ፊደላት የጎማውን ክብ ተከትለው ጎበጥ ብለዋል። ማናችንም በወረቀት ላይ ነድፈን እንዲህ አሳምረን የምናጎብጣቸው አይመስለንም።

የልኳንዳ ቤቶቹን ታፔላዎች ደግሞ ለብቻቸው ብዙ ጊዜ ቆመን አየናቸው። ይፋት አማራው፥ አርጎባው፥ አፋሩና ኦሮሞው በአንድ ገበያ የሚገናኙበት አገር ስለሆነ ሥጋ ሻጩ የማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት። አንዱ ከበሬው ሥዕል በላይ መስቀል፥ ሌላው ጨረቃና ኮከብ ያስጽፋል። ነገር ግን የበሬው ቀንድ አጣጣል፥ የ«ል» ፊደል ወገብ፥ በፊደሉ ግርጌ በስተቀኝ የሚወድቀው ሰማያዊ ጥላ በሁለቱም አንድ ነው፤ ጠይቀን እንደ ተረዳነው ሁለቱንም የጻፉት አንድ ሰው ናቸው።

እኒህን ሰው አግኝተናቸዋል። ስማቸውን እንዳንጽፍ ስለ ለመኑን «ጋሼ» እያልን እንቀጥላለን። ጋሼ በመጀመሪያ ላሜራውን በብርጭቆ ወረቀት ይፍቁታል፤ ቀጥሎ የዝገት መከላከያ፥ ከዚያም መደቡን ሁለት ጊዜ ይቀባሉ። ሲደርቅ በጠመኔ የታሸ ክር ከጫፍ ጫፍ ወጥረው ይለቁታል፤ ክሩ ጠብ ሲል ቀጥ ያለ መሥመር ይተዋል። በኮምፒውተር ከምንሠራው የሚለየው ከዚህ በኋላ የሚያደርጉት ነው። ቃሉን ከመጀመሪያው ፊደል አይጀምሩም፤ ፊደላቱን ቆጥረው የመካከለኛውን ቦታ ያገኙና ከዚያ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይሄዳሉ። «ሸዋ ሮቢት» የሚለውን ሲጽፉ አይተናል። የ«ዋ»ን ክብ ከፍና ጠበብ አድርገው እግሩን በመሥመሩ ላይ ያስቆሙታል፤ «ሮ» ቀለበቱን ከራሱ ላይ ስለሚሸከም አንገቱን ያሳጥሩለታል፤ የ«ቢ»ን ቀኝ እግር መርገጫ ደግሞ ጎረቤቱን እንዳይነካ ቆረጥ ያደርጉታል። ይህን ሁሉ የሚለኩት በዓይናቸው ነው። ማን አስተማረዎት ብንላቸው፥ አንድ ቀለም ቀቢ ዘንድ ብሩሽ እያጠቡ እንደ ተማሩ ነገሩን።

ብሩሻቸው ጠፍጣፋ ነው፤ አያያዛቸውም አይለዋወጥም። ስለዚህ ብሩሹ ወደ ታች ሲወርድ መሥመሩ ይወፍራል፥ ወደ ጎን ሲሄድ ይቀጥናል። የብራና ጸሐፊዎቻችን በመቃ ብዕር ጉልህ ጽሕፈት ሲጽፉ የሚያገኙት ውፍረትና ቅጥነትም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ መቃው ጫፉ ሰፋ ተደርጎ ይቆረጣልና። ጋሼ ድጓ አልጻፉም፥ የቆሎ ተማሪም አልነበሩም፤ መሣሪያቸው ራሱ ወደ አባቶች አጣጣል መርቷቸዋል። የፈረንጅም ፊደል ታሪክ ከዚህ ጋር ይቀራረባል። በሮም ከተማ በትራያን ዓምድ ሥር እ.ኤ.አ. በ113 ዓ.ም. የተቀረጹት ፊደላት እስከ ዛሬ ለላቲን ጽሕፈት አርአያ ናቸው። ኤድዋርድ ካቲች የተባለው አሜሪካዊ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣው መጽሐፍ እነዚህ ፊደላት በድንጋዩ ላይ አስቀድመው በጠፍጣፋ ብሩሽ እንደ ተጻፉ፥ መልካቸውንም ያገኙት ከመሮው ሳይሆን ከብሩሹ እንደ ሆነ ተከራክሯል። ሰውየው ይህን ሊያይ የቻለው ከቅስናው በፊት በቺካጎ ታፔላ ጸሐፊ ስለ ነበረ ነው። ሊቃውንቱ ሁሉ ሲመለከቱት የኖሩትን ድንጋይ እርሱ በእጁ ትዝታ አነበበው።

በይፋት ከላሜራው በፊት ድንጋዩም ነበረ። ፎቬል፥ ኢርሽና ሼክሩን የተባሉ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በይፋት ተዳፋት ላይ የኢፋት ሱልጣኔትን ከተሞች ፍርስራሽና የወላስማ ነገሥታትን መካነ መቃብር አጥንተዋል፤ ጥናታቸውንም እ.ኤ.አ. በ2017 አሳትመዋል። በዚያ በ14ኛው መቶ ዓመት በዓረብኛ ፊደል የተጻፈባቸው የመቃብር ድንጋዮች ተገኝተዋል። ታሪክ የሚያጠኑ ጓደኞቻችን ስለ ወላስማዎች ከእኛ የበለጠ ይነግሯችኋል፤ እኛ ለማለት የፈለግነው በዚህ ቆላ ስምን በእጅ አሳምሮ መጻፍ ትናንት የመጣ ሥራ አለመሆኑን ነው።

ከዘመናዊው ሥነ ጥበብ ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ይኖራል። ሠዓሊው ወሰኔ ኮስሮፍ እ.ኤ.አ. በ1972 ከአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመርቆ፥ በኋላም እስክንድር ቦጎሲያን ያስተምርበት በነበረው በዋሽንግተኑ ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ በ1980 ሁለተኛ ዲግሪውን አገኘ። ሥራው ከሞላ ጎደል የቆመው በፊደላችን ላይ ነው። ፊደሉን ያረዝመዋል፥ ይሰብረዋል፥ ይገለብጠዋል፤ ቃል ሆኖ አይነበብም፥ ነገር ግን አማርኛ የሚያነብ ዓይን «ይህን አውቀዋለሁ» ይላል። ሥዕሎቹን በመጽሐፍ ያየን ሁሉ ልንኰርጀው ሞክረን አልሆነልንም። ጋሼን ካየን በኋላ ምክንያቱ ጥቂት ገባን፤ የፊደሉን አጥንት ሳናውቅ ልንሰብረው ተነሥተን ነበር።

እንግዲህ ስለ ባነሩ እውነቱን እንናገር። ባነር ርካሽ ነው፥ በአንድ ቀን ይደርሳል፥ ሥዕልም ይጨመርበታል። የንግድ ሰው ቢመርጠው አንፈርድበትም። ነገር ግን የቆላ ፀሐይ አይምረውም፤ ቢጫውና ቀዩ ቀድሞ ይለቅና በሬውም ሰውም ወደ ሰማያዊነት ይለወጣል። በሸዋ ሮቢት እንዲህ የገረጡ ባነሮችን ከጋሼ የዘይት ቀለም አጠገብ ተሰቅለው አይተናል። በእጅ የተጻፈው ሁሉ ያምራል ማለታችንም አይደለም፤ የተጣመመም፥ ፊደል የጎደለውም ሞልቷል። በአንድ መንገድ ላይ አንዱ ጠጕር አስተካካይ በ«ጸ»፥ ማዶ ያለው በ«ፀ» አስጽፈው ሁለቱም ትክክለኛው የእኔ ነው ሲሉ ሰምተን ስቀናል።

አብልጦ ያሳሰበን ሌላ ነገር ነው። የይፋት ከተሞች በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ብዙ ጉዳት ደርሶባቸዋል፤ በተለይ አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ምን ያህል እንደ ተቃጠለች ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከጠፋው ሕይወትና ንብረት ጋር ታፔላ ይነጻጸራል ብለን አይደለም። ነገር ግን ቤቱ ሲቃጠል በደጁ ላይ የነበረው ጽሕፈት አብሮ ይሄዳል፤ ቤቱ እንደ ገና ሲሠራም የሚሰቀልበት ባነር ነው። ጋሼ ከሠሯቸው መካከል ዛሬ የሌሉትን በጣታቸው ሲቈጥሩልን የአንዱም ፎቶግራፍ አልነበራቸውም።

ኮምፒውተር ይቅር አንልም። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ለመጻፍ አልተቸገርንም። ያጣነው የአርእስት ፊደል ነው፤ ስለዚህ ያለንን እየለጠጥን፥ የላቲን ጭራ እየቀጠልንበት እንሠራለን። በሕንድ አገር ሐኒፍ ኩሬሺ የተባለው ሠዓሊ በ2010ዎቹ የመንገድ ታፔላ ጸሐፊዎችን ፊደል እየሰበሰበ ወደ ኮምፒውተር አግብቷል፤ ከሽያጩም ለጸሐፊው ድርሻ እንዲደርሰው አድርጓል። እኛም ልናደርገው የምንችለው ነገር ነው። ድርሻው አስቀድሞ በጽሑፍ ካልታወቀ ግን ክበባችን በዚህ ሥራ አይገባም። የሰውን እጅ ወስዶ ስሙን መተው በትምህርት ቤት ቢሆን ኩረጃ ይባላል።

ስለዚህ ለኮሚቴው የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው። የንባብ ክፍሉ ታፔላ በላሜራ ላይ በእጅ ይጻፍ፤ የሚጽፉትም ጋሼ ይሁኑ። የመኪና ኪራይ፥ ማደሪያና ሙሉ ዋጋቸው ይከፈላቸው፤ «ለተማሪ ነው» ብለን እንዳንከራከራቸው። ወጪው ከባነሩ በላይ ስለሚሆን ልዩነቱን ክበባችን ካለፈው የሥዕል ትርኢት ከተረፈው ገንዘብ ይሸፍናል። ናሙናውን የነደፈው ጓደኛችንም ከጎናቸው ሆኖ ክሩን እንዲይዝ ጠይቀነው ደስ ብሎት ተስማምቷል። በዚህ ዓመት ለዕረፍት ወደየአገሩ የሚሄድ ተማሪ ሁሉ ደግሞ ከከተማው አሥር ታፔላ ፎቶግራፍ አንሥቶ፥ ባለቤቱን አስፈቅዶ፥ ቦታውንና ዓመተ ምሕረቱን ጽፎ ያምጣልን።

ኮሚቴው ማክሰኞ ይሰበሰባል። ከተስማማ ጋሼ በሚቀጥለው ዓርብ ይመጣሉ፤ ላሜራው ከንባብ ክፍሉ በስተጀርባ ከዛፉ ጥላ ሥር ይዘጋጃል። መማር የሚፈልግ ይምጣ፤ ጠፍጣፋ ብሩሽ ግን የራሱን ይዞ ይምጣ፥ የእርሳቸውን አያበድሩም።