የቡናው ፋብሪካ ቢሮ ሲሆን
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)





በየመሠረታዊ ማኅበሩ ግቢ አንድ አሮጌ መጋዘን አይጠፋም። ማኅበሩ እያደገ፣ የሒሳብ ሠራተኛው እየበዛ ሲሄድ ቢሮ ይጠባል፤ ያን ጊዜ በስብሰባ ላይ ቀድሞ የሚነሳው ሐሳብ «ይህ አሮጌ ቤት ይፍረስ» የሚል ነው። ሐሳቡ ሁልጊዜ ስሕተት ነው ማለት አይደለም። ነገር ግን ዶማው ከመነሳቱ በፊት በሌላ አገር፣ ያውም ቡና ይዘጋጅበት በነበረ ፋብሪካ ላይ የተሠራውን ሥራ ማወቅ ይጠቅማል።

ፋብሪካው ቫን ኔለ ይባላል፤ የሚገኘው በሆላንድ የወደብ ከተማ በሮተርዳም ነው። ሕንፃው የተሠራው ከ1925 እስከ 1931 ድረስ ነው (በዚህ ንግግር ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከባሕር ማዶ የመጣ ቡና፣ ሻይና ትምባሆ በዚያ ተዘጋጅቶ ይታሸግ ነበር። የትምባሆው ክፍል ስምንት ፎቅ፣ የሻዩ ሦስት ፎቅ ሲሆን፣ የቡናው ከፍታ በሁለቱ መካከል ነው።

የአሠራሩ ዘዴ ለቡና አምራች እንግዳ አይሆንም። እሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ተዳፋት ላይ የሚሠራው ቡናው ከላይ ገብቶ በራሱ ክብደትና በውሃው እየወረደ ወደ መፈልፈያው፣ ከዚያም ወደ ገንዳው እንዲያልፍ ነው። ሮተርዳም ግን ሜዳ ናት፤ ተዳፋት የላትም። ስለዚህ ተዳፋቱን በሕንፃ ሠሩት ማለት ይቻላል። ጥሬ ዕቃው በቅድሚያ ወደ ላይኛው ፎቅ ይወጣል፤ ከዚያ ከፎቅ ወደ ፎቅ እየወረደ ይዘጋጃል፤ መጨረሻ ላይ ታሽጎ በአየር ላይ በተዘረጉ ሰያፍ ድልድዮች ተሻግሮ በቦዩ ዳር ወዳለው መጋዘን ይገባል።

የሕንፃው ሁለተኛ ጉዳይ ብርሃን ነው። የፋብሪካው ኃላፊ ኬስ ቫን ደር ሌው ሠራተኛው በጨለማ እንዳይሠራ ፈለገ። ንድፉን ያወጡት ብሪንክማንና ቫን ደር ፍሉኽት ሶሌታውን አናታቸው እንደ እንጉዳይ በተዘረጋ የኮንክሪት ምሰሶዎች ላይ አሳረፉት። ክብደቱን የሚሸከሙት ምሰሶዎቹ ስለሆኑ የውጭው ግድግዳ የሚሸከመው ነገር የለም፤ ከቀጭን ብረትና ከመስታወት ብቻ ተሠራ። በዚያ ዘመን ለሠራተኛ መታጠቢያና መመገቢያ ማሰናዳትም ተራ ነገር አልነበረም።

ሆኖም በ1990ዎቹ ፋብሪካው ማምረቱን አቆመ። ማሽኑ ወጣ፤ ባዶ ወለልና መስታወት ቀረ። ሕንፃው በቅርስነት የተጠበቀ ስለነበር ማፍረስ አይቻልም። ዝም ብሎ ቢተው ደግሞ ብረቱን ዝገት ይበላዋል፤ ሰው የማይኖርበት ቤት እንዴት እንደሚሆን ለማንም ገበሬ አይነገረውም። ስለዚህ ለቢሮ እንዲከራይ ተወሰነ።

ዋናው ችግር የመጣው እዚህ ላይ ነው። ነጠላ መስታወት በክረምት ብርዱን፣ በበጋ ሙቀቱን አይከለክልም። በማሽን ዳር ቆሞ የሚሠራ ሰው ችሎታል፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚጽፍ ግን አይችለውም። ቀላሉ መንገድ አሮጌውን መስታወት ነቅሎ ድርብ መስታወት ማግባት ይመስላል። ድርብ መስታወት ግን ይከብዳል፤ ለክብደቱ የሚሆን ወፍራም ፍሬም ይፈልጋል። ቀጭኑ ብረት በወፍራም ሲተካ ሕንፃው የታወቀበት መልክ ይጠፋል።

ሥራውን ያስተባበረው አርክቴክት ቬሰል ደ ዮንግ ነው። መፍትሔው ሲሰሙት ቀላል ነው፦ የውጭውን ግድግዳ ጠግኖ እንዳለ መተውና ከእርሱ ፈቀቅ ብሎ በውስጥ በኩል ሌላ የመስታወት ግድግዳ ማቆም። ቢሮው በቤት ውስጥ እንዳለ ሌላ ቤት ሆነ። በሁለቱ መስታወቶች መካከል የቀረው ክፍተት ሰው የሚተላለፍበት ኮሪደር ሲሆን፣ ብርዱንና ሙቀቱንም ያለዝባል። ብርሃኑ እንደ ድሮው ይገባል። ከደጅ የሚያይ ሰው የሚያየው የጥንቱን ፋብሪካ ነው። የዘዴው ትልቁ ብልኃት ደግሞ አዲሱ ሥራ የአሮጌው ጥገኛ አለመሆኑ ነው፤ ነገ ሌላ አገልግሎት ቢፈለግ የውስጡ ግድግዳ ይነሳል፣ አሮጌው ሳይነካ ይቀራል።

ዋጋ አልተከፈለበትም ማለት አይደለም። ለኮሪደሩ የተተወው ወለል እንደ ቢሮ አይከራይም። ኪራይ የሚያሰላ ኮሚቴ ቢሆን ኖሮ «ይህን ሁሉ ካሬ ሜትር ለምን እናባክናለን?» ብሎ መከራከሩ አይቀርም ነበር። ክርክሩ ትክክል የሚሆነው ግን የዚያን ዓመት ኪራይ ብቻ ለሚቆጥር ነው። ከ2000 ወዲህ በነበሩት ዓመታት ሥራው ተጠናቅቆ የዲዛይን፣ የሕንፃ ንድፍና የመገናኛ ብዙኃን ድርጅቶች ገቡበት። በ2014 ደግሞ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። በቅርስነት መመዝገቡ ቢሮ ከመሆን አላገደውም።

ወደ መሠረታዊ ማኅበራቱ መጋዘን ስንመለስ፣ ነገሩ እንዳለ ይቀዳ የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል። የቫን ኔለ ወለል ማሽንና ጆንያ ሲሸከም የኖረ ነው፤ ጠረጴዛና ሰው አይከብደውም። ማገሩን ምስጥ የበላው፣ መሠረቱ የሰመጠ የጭቃ ቤት ግን ቢፈርስ ይሻላል፤ ስም ያለው ቅርስ ነው እየተባለ ሰው ሊጫነው አይገባም። በድንጋይ ወይም በብሎኬት የተሠራ፣ ጣሪያው ብቻ የሚያፈስ መጋዘን ግን ሌላ ነው። በውስጡ ከግድግዳው ተለይቶ የሚቆም የእንጨት ወይም የመስታወት ፓርቲሽን ቢሮ ይወጣዋል፤ የቀረው ወለል እህል ማስቀመጡን ይቀጥላል። እርግጥ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ኬሚካል በዚያው ጣሪያ ሥር ከሰው ጋር ማደር የለበትም፤ ለእነርሱ የተለየ ቤት ያስፈልጋል።

ስለዚህ የሥራ አመራር ኮሚቴው ውሳኔ ከማሳለፉ በፊት መሐንዲስ ጠርቶ ሦስት ነገር ቢያስመረምር ደግ ነው፦ መሠረቱን፣ ምሰሶውንና የጣሪያውን እንጨት። የማፍረሻው፣ የአዲሱ ግንባታና የእድሳቱ ወጪም በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ተጽፎ ለጠቅላላ ጉባኤው ይቅረብ። አባላቱ እጃቸውን የሚያወጡት ሦስቱንም ቁጥር ካዩ በኋላ ይሁን።