የፊልሙ ዒላማ ማን ነው?

(በመስጂድ ከመግሪብ ሶላት በኋላ የተደረገ አጭር ንግግር)



ውድ ወንድሞችና እህቶች! በመድረሳዎቻችን ቁርኣን የሚጀምር ሕፃን ከፊደሉ ቀጥሎ የሚማረው ሐረካትን ነው፤ ፈትሓን፣ ከስራን፣ ደማን። ጥር 28 ቀን 2005 ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን «ጂሃዳዊ ሐረካት» የተሰኘው ፊልም ከታየ ወዲህ ግን ይኸው ቃል ማስፈራሪያ ሆኗል። የሥነ ልቦና ዘመቻ ማለት ይህ ነው፤ የአንድን ሕዝብ ቃል፣ መልክና አለባበስ ከፍርሃት ጋር ማጣበቅ።

እንዴት እንደተሠራ እንየው። ፊልሙ ሲታይ የወኪሎቻችን ጉዳይ ገና በፍርድ ቤት ነበር። በእስር ላይ ሳሉ የተቀረጹት ምስል ተቆራርጦ ቀረበ፤ አጠገቡ የአልሸባብና የቦኮ ሐራም ስም ተደረደረ። ፍርድ ቤት እንዳይተላለፍ እግድ ሰጥቶ ነበር፤ ግን ተላለፈ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ደግሞ ተከሳሽ ፍርድ ሳይሰጥ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር ይደነግጋል። አዲስ ነገርም አይደለም፤ በኅዳር 2004 «አኬልዳማ» በጋዜጠኞችና በፖለቲከኞች ላይ የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

ዳኛ ማስረጃ የሚመረምረው በችሎት እንጂ በቴሌቪዥን አይደለም። ታዲያ ፊልሙ ለማን ተሠራ? ለእኛና ለጎረቤቶቻችን! እኛ ፈርተን ቤት እንድንቀር፣ ወይም ተቆጥተን ድንጋይ እንድናነሳ፤ ክርስቲያን ጎረቤታችንም ቡና ሊጠራን እንዲያመነታ። ድንጋይ ካነሳን የፊልሙን ቀጣይ ክፍል በገዛ እጃችን ሠራንላቸው ማለት ነው።

ሽብርን መከላከል የሁላችንም ጉዳይ ነው፤ ቦምብ ሙስሊምና ክርስቲያን አይለይም። ነገር ግን «የመጅሊስ ምርጫ በመስጂድ ይሁን» ያለን ሰው አሸባሪ ማለት ለእውነተኛው አሸባሪ መሸሸጊያ መስጠት ነው።

ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣ እንድናጣራ አዛናለች። ትእዛዙ ለቴሌቪዥኑ ብቻ አይደለም፤ በጀመዓችን መካከል «እገሌ ሰላይ ነው» ለሚለው ሹክሹክታም ነው። ሁለተኛ፣ ጎረቤታችንን እኛው ቀድመን ቡና እንጥራ፤ ፊልሙን አይቶ ከጠየቀን ሳንቆጣ የጥያቄዎቻችንን ምንነት እናስረዳው። ሦስተኛ፣ የታሳሪ ቤተሰቦችን እንዘይር፤ ፊልሙ እንድንሸሻቸው ነበር የፈለገው።

ትግላችን ትናንት ሰላማዊ ነበር፤ ነገም ሰላማዊ ነው። አላህ ሶብሩን ይስጠን፤ ለታሰሩት ነጃ ይበላቸው። አሚን!

ድምፃችን ይሰማ!