ቀለበቱን መቼ እንይ? እይታና የቅርጫት ኳስ ውርወራ



እዚህ ሐዋሳ አዲስ ከተማም ሆነ በሌሎች ሜዳዎቻችን፣ ኳስ ለሳተ ታዳጊ የሚሰጠው እርማት አብዛኛውን ጊዜ ስለ ክርኑና ስለ ጉልበቱ ነው። ስለ ዓይኑ የሚነገረው «ቀለበቱን እይ» የሚል ብቻ ነው። መቼ ይመልከት? ለምን ያህል ጊዜ? መልሱ ሳይታወቅ «ተሰጥኦ የለውም» የተባለው ልጅ ብዙ ነው ብዬ እገምታለሁ።

የቀለበቱ ስፋት 45 ሴንቲ ሜትር፣ ኳሱ ደግሞ 24 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ከነጻ ውርወራ መስመር ሲታይ ጠባብ ዒላማ ነው።

የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲዋ ጆአን ቪከርስ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት የነጻ ውርወራ ተጫዋቾችን የዓይን እንቅስቃሴ በመሣሪያ መዝግበዋል። የላቁት ተጫዋቾች ከመወርወራቸው በፊት ዓይናቸውን በአንድ ነጥብ ላይ ለ1 ሰከንድ ያህል ያሳርፉ ነበር፤ ከእነርሱ ዝቅ ያሉት ግን ከግማሽ ሰከንድ ላነሰ ጊዜ። ይህን እይታ «የረጋ ዓይን» ልንለው እንችላለን። ኳሱ ከፍ ብሎ ዒላማውን ሲጋርድ የላቁት ለማየት አይታገሉም፤ የሚፈልጉትን አስቀድመው አይተዋልና።

ከዚህ ተነሥቶ «ቀድመህ አይተህ ወርውር» የሚል ሕግ ማውጣት ያጓጓል፤ እኔ ግን አልደግፈውም። በ2002 ራውል አውደያንስና ባልደረቦቻቸው በኔዘርላንድ፣ ኳሱን ከግንባራቸው በላይ ይዘው እየዘለሉ የሚወረውሩ ተጫዋቾችን እይታን በሚከፍትና በሚዘጋ መነጽር ፈተኑ። ኳሱን ከመልቀቃቸው በፊት ባለው የመጨረሻ ቅጽበት ብቻ ያዩት፣ ሙሉ እይታ እንዳላቸው ያህል አስቆጠሩ። ቀድመው ብቻ ሲያዩ ግን ክፉኛ ሳቱ። ልዩነቱ ከኳሱ አያያዝ የመጣ ይመስለኛል፦ ኳሱን ከፍ አድርጎ የሚይዝ ተጫዋች በኳሱ ሥር አሻግሮ ያያል፤ ዝቅ አድርጎ የሚጀምረው ኳሱን ሲያነሣ እይታው ይጋረዳል።

የእኛ ሜዳዎች አብዛኞቹ ጣሪያ የላቸውም፤ ፀሐይም በሐይቁ በኩል ትጠልቃለች። አመሻሽ ላይ ወደ ምዕራብ ዞሮ የሚወረውር ልጅ ቢጨፍን፣ ያጣው ያችኑ የመጨረሻ ቅጽበት ሊሆን ይችላል። ክርኑን ከማረም በፊት ከቀለበቱ ሥር ሆኖ ፊቱን በስልክ መቅረጽ ይቀድማል።

ለልምምዱም ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በወርዋሪው ፊት በገመድ ላይ አንሶላ ብንዘረጋ፣ ቀለበቱን የሚያየው ሲዘል ብቻ ይሆናል። ይህ የሚጠቅመው ግን ኳሱን ከፍ አድርጎ ለሚይዘው ነው፤ ለሌላው መጋረጃው የሚያስፈልገውን እይታ ይነፍገዋል።