የምሁራንን ጽሑፍ ፈልጎ ስለ ማግኘትና ምንጭን ስለ መጥቀስ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በመጨረሻው ዓመት ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በዚህ በዓል ላይ እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ከሁሉ አስቀድመን ምስጋናችንን እናቀርባለን። የመረጥነው ርእስ ለበዓል ቀን ደረቅ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ይኸውም በኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት የመረጃ ቋት ውስጥ የምሁራንን ጽሑፍ ፈልጎ ማግኘትና የተገኘውንም በትክክል መጥቀስ ነው። ነገር ግን ከእኛ ብዙዎቻችን በቅርቡ፣ አንዳንዶቻችን ከጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ በአየር፣ ሌሎቻችንም በአውቶቡስ፣ ወደ ልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች እንሄዳለን። እዚያም መምህሩ «ይህን ከየት አገኛችሁት?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ለዚህ ጥያቄ መልስ ማዘጋጀት ስንቅ ከመቋጠር አያንስም።

በመጀመሪያ፣ የመረጃ ቋት ምን እንደ ሆነ እንናገር። ቀደም ባለው ጊዜ በየቤተ መጻሕፍቱ የጸሐፊው ስም፣ የመጽሐፉ ርእስና የትምህርቱ ዓይነት በካርድ ላይ እየተጻፈ በመሳቢያ ይደረደር ነበር። ዛሬ ይህ ሥራ ወደ ኮምፒዩተር ተዛውሯል፤ መጻሕፍት ብቻ ሳይሆኑ በጆርናሎች ውስጥ የወጡት ጽሑፎችም አንድ በአንድ ተመዝግበው ይገኛሉ። በ1995 የተቋቋመው ጄስቶር የብዙ አገሮችን የቆዩ ጆርናሎች የያዘ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ከ1963 ጀምሮ ያሳተመው የኢትዮጵያ ጥናት ጆርናልም በውስጡ ይነበባል። በ1998 የተጀመረው የአፍሪካ ጆርናሎች ቋት በአህጉራችን የሚታተሙትን ይሰበስባል። በ2002 የተጀመረው ሂናሪም የሕክምናና የጤና ጽሑፎችን ለታዳጊ አገሮች ተቋማት በነፃ ወይም በአነስተኛ ዋጋ ያደርሳል። እነዚህ ዓመቶች ሁሉ፣ ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውም ጭምር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንናገራለን።

አሁን ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንድ ተማሪ «ጋምቤላ ከውጭው ዓለም ጋር በወንዝ ስትገናኝ ኖራ እንዴት ወደ አውሮፕላን ተሸጋገረች?» የሚል ጥያቄ አነሣ እንበል። በመረጃ ቋቱ ላይ «ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ» ብሎ ብቻ ቢጽፍ የሚያገኘው ጥቂት ነው፤ ምሁራን እንዲህ ያለውን ስም የጽሑፋቸው ርእስ የሚያደርጉት ከስንት አንዴ ነውና። እንግዲህ ጥያቄውን መበታተን ያስፈልጋል። ከአውሮፕላን በፊት ዕቃ የሚመላለሰው በምን ነበር? በእንፋሎት መርከብ። በየትኛው ውሃ? በባሮ፣ ቀጥሎም በሶባት፣ ከዚያም በነጭ ዓባይ እስከ ካርቱም። የሚጫነውስ ምን ነበር? ይልቁንም ቡና። ስለዚህ «ባሮ»፣ «ሶባት»፣ «ንግድ»፣ «ድንበር» የሚሉት ቃላት የፍለጋው ቁልፎች ይሆናሉ ማለት ነው።

በእነዚህ ቁልፎች የፈለገ ሰው የፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴን ጽሑፍ ያገኛል። ጽሑፉ ከ1904 እስከ 1935 የነበረውን የጋምቤላ ንግድ የሚመረምር ሲሆን፣ የወጣው በ1987 በዓለም አቀፍ የአፍሪካ ታሪክ ጥናት ጆርናል፣ ቅጽ 20፣ ቁጥር 1 ላይ ነው። ወደ ኋላ ተመልሶ የ1902ን ውል የፈለገም ዳግማዊ ምኒልክ በኢታንግ አቅራቢያ በባሮ ዳር፣ የወንዝ ዳር ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ መፍቀዳቸውን ይረዳል። ጣቢያው የቆመው በጋምቤላ ነበር፤ ሱዳን ነፃ በወጣችበት በ1956ም ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ከተማችን ለምን እዚህ ቦታ ላይ እንደ ቆመች በዚህ መንገድ ይገለጥልናል።

ነገር ግን በፍለጋ ላይ ሦስት እንቅፋቶች አሉ።

አንደኛው የፊደል ነገር ነው። በላቲን ፊደል ጋምቤላን አንዱ ጸሐፊ በአንድ «ኤል»፣ ሌላው በሁለት «ኤል» ይጽፋል። አኝዋ የሚለውንም ስም የቀድሞዎቹ «አኑአክ» ይሉታል። በመረጃ ቋት ላይ ሁለቱንም አጻጻፍ በመካከላቸው «ኦር» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል አግብቶ በአንድነት መፈለግ ይቻላል። ቃላቱ ሁሉ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ እንዲገኙ ሲፈለግ «ኤንድ»፣ ሐረጉ ሳይለያይ እንዲመጣ ሲፈለግ ደግሞ ትእምርተ ጥቅስ ይገባል።

ሁለተኛው የድንበር ነገር ነው። ኤቫንስ ፕሪቻርድ የተባለው እንግሊዛዊ ምሁር በ1940 ስለ አኝዋ ሕዝብ አስተዳደር ያሳተመው መጽሐፍ በርእሱ ላይ የያዘው የሱዳንን ስም ነው። በ«ኢትዮጵያ» ብቻ የፈለገ ሰው ይህን ያጣዋል። ሕዝቡ በሁለቱም ወገን ይኖራልና ፈላጊውም ድንበሩን መሻገር አለበት።

ሦስተኛውና ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን የስም ነገር ነው። ፈረንጆች የሰውን የመጨረሻ ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ያስቀድማሉ። እኛ ግን የቤተሰብ ስም የለንም፤ ሁለተኛው የአባት ስም ነው። በዚህ ምክንያት አንዳንዱ ቋት ባሕሩ ዘውዴን «ዘውዴ፣ ባ.» ብሎ ያስቀምጠዋል፤ ልጁ ቀርቶ አባቱ ደራሲ የሆነ ያህል ነው። ስለዚህ ስንፈልግ በሁለቱም አቀማመጥ እንፈልግ፤ ስንጠቅስ ግን በኢትዮጵያ ጥናት መስክ እንደ ተለመደው የራሱን ስም አስቀድመን ሙሉውን እንጻፍ። ይህን እኛ ካልጠበቅነው ማን ይጠብቅልናል?

ወደ መጥቀሱም እንምጣ። በአውሮፕላን ማረፊያችን ሻንጣ ሲመዘን የመድረሻው ምልክት ይታሰርበታል፤ ወደ ጋምቤላ የሚመጣው ሻንጣ «ጂ ኤም ቢ» የሚሉ ሦስት ፊደላት አሉበት። ምልክቱ የተበጠሰ ሻንጣ ባለቤቱን አያገኝም። ምንጩ ያልተጠቀሰ ሐሳብም እንዲሁ ነው፤ አንባቢው ተከትሎት ሊሄድና እውነት መሆኑን ሊመረምር አይችልም። ስለዚህ የጸሐፊው ስም፣ የጽሑፉ ርእስ፣ የጆርናሉ ስም፣ ቅጽ፣ ቁጥር፣ ዓመትና ገጽ ይጻፉ። ለአዲሶቹ ጽሑፎች፣ ለብዙዎቹ የቆዩትም፣ «ዲ ኦ አይ» የሚባል ቋሚ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ የድረ ገጹ አድራሻ ቢለወጥ እንኳ ጽሑፉን ያስገኛልና እርሱም ይጨመር። በአማርኛ የታተመ መጽሐፍ ሲጠቀስ ደግሞ ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን ማመልከት ይገባል፤ አለዚያ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ይፈጠራል።

ምንጩም ሲገኝ አጽሕሮቱን ብቻ አንብቦ መጥቀስ አይበቃም። ሙሉውን ማንበብ፣ ከዚያም ጸሐፊው በግርጌ ማስታወሻ የጠቀሳቸውን መከተል ያስፈልጋል። አንዱ ጽሑፍ ወደ ሌላው የሚያደርስ መንገድ ነው።

በዘመናችን አንድ ሌላ አደጋ መጥቷል። ለጥያቄ ሁሉ መልስ የሚሰጡ የኮምፒዩተር መሣሪያዎች ጸሐፊ፣ ርእስና ገጽ ያለው፣ ነገር ግን በዓለም ላይ የሌለ ጽሑፍ ፈጥረው የሚያቀርቡበት ጊዜ አለ። በ2023 በኒው ዮርክ አንድ መንገደኛ አየር መንገድን በከሰሰበት ጉዳይ ጠበቆቹ እንዲህ ባለ መሣሪያ የተፈጠሩ የፍርድ ውሳኔዎችን እውነተኛ አስመስለው ለፍርድ ቤት በማቅረባቸው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። የተማሩ ጠበቆች እንዲህ ከሆኑ ተማሪ ምን ያህል ሊጠነቀቅ ይገባዋል! በቋቱ ውስጥ ራሳችን ያላገኘነውን፣ አግኝተንም ያላነበብነውን አንጥቀስ።

ወላጆቻችን ሆይ፤ ይህ ሁሉ እናንተን የማይመለከት እንዳይመስላችሁ። አኝዋ፣ ኑዌር፣ ማጃንግ፣ ኦፖና ኮሞ፣ ከሌላም ክፍለ አገር የመጡ ወገኖች በአንድነት በሚኖሩበት በዚህ ምድር ምንጩ ያልታወቀ ወሬ ሰውን ከሰው ሲያጣላ ታይቷል። «ተብሏል» የሚለው ቃል ባለቤት የለውም፤ ስለዚህ የሚጠየቅም የለም። ማን፣ መቼ፣ በምን ማስረጃ እንደ ተናገረው የታወቀ ነገር ግን ለክርክር ይቀርባል፤ ስሕተትም ቢኖርበት ይታረማል። ደግሞም ብዙው ታሪካችን ገና አልተጻፈም፤ ያለው በእናንተ ዘንድ ነው። ልጆቻችሁ ቀርበው ሲጠይቁ ንገሩአቸው። እኛም የነገራችሁንን ስንጽፍ፣ ፈቃዳችሁን ጠይቀን፣ የተናጋሪውን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን እንደ መጽሐፍ ምንጭ አድርገን ልንመዘግብ ይገባናል። የሽማግሌ ቃል ከፕሮፌሰር ጽሑፍ ያነሰ ክብር አይገባውም።

ለታናናሾቻችንም የምንለው ይህ ነው። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ እንደሚባለው፣ የቤተ መጻሕፍቱን ኃላፊ ለመጠየቅ አትፈሩ። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ያገኛችሁትን ርእስና ገጽ በደብተራችሁ ጻፉ፤ መስመሩ ሲመለስ ፍለጋውን ካቆማችሁበት ትቀጥላላችሁ። ስለ ጋምቤላ የተጻፈው ብዙው የሌሎች ሥራ ነው፤ ለደከሙበት ምስጋና ይገባቸዋል፤ የምስጋናውም መልክ ስማቸውን በትክክል መጥቀስ ነው። ወደፊት ስለዚህች ከተማ የሚፈልግ ተማሪ ግን በዚያው ቋት ውስጥ የእናንተንም ስም፣ በራሳችሁ አጠራር ተጽፎ፣ እንዲያገኝ እንመኛለን።