ሽታ የማጣት ሕመም በምስል ምርመራ ስለሚረጋገጥበት መንገድ



ዐይኑ የፈዘዘ ሰው ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ ብርሃን በብሌኑ ላይ ተጥሎ ይመረመራል፤ ጆሮው የከበደውም የአንጎሉ ምላሽ በመሣሪያ ይለካለታል። ሽታን መለየት የተሳነው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ከገዛ ቃሉ በቀር ምስክር የለውም። ቡና ሲቆላ መዓዛው የማይደርሰው፣ ወጥ ሲያርር የማያውቅ፣ ከሲሊንደር ጋዝ ሲያፈተልክ የማይነቃ ሰው ሕመሙ ከውጭ ስለማይታይ ቤተ ዘመዱ እንኳ ነገሩን አቃሎ ይመለከትበታል። በመኪና አደጋ ራሱን ተመትቶ ካሣ የሚጠይቅ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። ዳኛው ማስረጃ ይሻል፤ ሐኪሙም «በሽተኛው እንዲህ ይላል» ብሎ ከመጻፍ የማያልፍበት ጊዜ አለ። እንግዲህ የሕመምተኛውን ቃል ሳይጠብቁ ሽታ ማጣትን በምስል ማረጋገጥ ይቻላልን?

መልሱን ለማግኘት በቅድሚያ የሽታን መንገድ መከተል ያስፈልጋል። ከአየር ጋር የገባው የሽታ ቅንጣት በአፍንጫ ጣሪያ ላይ ያሉትን የነርቭ ሕዋሳት ይነካል። የእነዚህም ሕዋሳት ቀጫጭን ክሮች ወንፊት በሚመስለው አጥንት ቀዳዳዎች አልፈው ወደ ራስ ቅል ይገቡና ከፊተኛው አንጎል ሥር በቀኝና በግራ በተቀመጡት ሁለት የሽታ እንቡጦች ላይ ያርፋሉ። ሐኪሞች ኦልፋክተሪ በልብ የሚሉት ይህንኑ ነው። ከዚያም መልእክቱ ወደ አንጎል ቅርፊት ይሄዳል። እንግዲህ ጉዳቱ በአፍንጫው ውስጥ፣ በክሮቹ ላይ፣ በእንቡጡ ወይም በአንጎሉ ሊደርስ ይችላል ማለት ነው።

የምስል ምርመራ ትልቁ ጥቅም ይህን ስፍራ መለየቱ ነው። ሲቲ ስካን የአጥንትን ስብራት፣ የሳይነስን ብግነትና አየር የሚዘጋውን የአፍንጫ ሥጋ ያሳያል። በማግኔት ኃይል የሚሠራው ኤም.አር.አይ. ደግሞ እንቡጡንና አንጎሉን ይገልጣል። ራስ በኃይል ሲመታ አንጎል ስለሚናወጥ፣ አጥንቱ ሳይሰበር እንኳ ክሮቹ በወንፊቱ ላይ ሊበጠሱ ይችላሉ። በእንቡጡና በፊተኛው አንጎል ሥር የቀረው ጠባሳ በኤም.አር.አይ. ሲታይ የተጎጂው ቃል ደጋፊ ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ1944 በካልማን በተገለጸውና በስሙ በተጠራው በሽታም እንዲሁ ነው። በዚህ በሽታ የተወለደ ልጅ ሽታን ከቶ ስለማያውቅ የጐደለውን ነገር ሊናገር አይችልም፤ የጉርምስና ምልክት ሲዘገይበት በሚነሣው ምስል ላይ ግን እንቡጦቹ አለመኖራቸው ወይም እጅግ ማነሳቸው ይታያል። ሽታ በማጣት የሚጀምር፣ በእንቡጡ አጠገብ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዕጢም በዚሁ መሣሪያ በጊዜ ሊደረስበት ይችላል።

ከዚህ አልፎ የእንቡጡ መጠን ራሱ ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የጀርመን ተመራማሪዎች ሥራ ለጤናማ ሰው ዝቅተኛውን ወሰን ከ45 ዓመት በታች 58፣ ከዚያ በላይ ላለው 46 ኪዩቢክ ሚሊሜትር አድርጎ አስቀምጧል። የኮቪድ ወረርሽኝ በተነሣበት እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ የኢጣልያ ሐኪሞች ሽታ ባጣ አንድ ሕመምተኛ አንጎል ላይ የታየው ለውጥ ከ28 ቀን በኋላ መጥፋቱን፣ እንቡጦቹም መቅጠናቸውን በኤም.አር.አይ. አሳይተዋል።

ሆኖም ምስል ብቻውን ዳኛ ሊሆን አይገባውም። እ.ኤ.አ. በ1992 በሞንትሪያል በፔት መሣሪያ የተደረገው ጥናት ሽታ ሲቀርብ ደም በአንጎል ውስጥ ወደየት እንደሚበዛ አሳየ፤ ይህም ትልቅ ተስፋን ሰጠ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1998 ሌሎች ተመራማሪዎች አየር በአፍንጫ መሳብ ብቻውን፣ ሽታ በሌለበት እንኳ፣ የሽታን የአንጎል ክፍል እንደሚቀሰቅስ አረጋገጡ። ስለዚህ በምስሉ ላይ የደመቀ ስፍራ መታየቱ ሰውየው ማሽተቱን አያስረዳም። ተቃራኒውም አልጸናም። እ.ኤ.አ. በ2019 በእስራኤል የዋይዝማን ተቋም ተመራማሪዎች በኤም.አር.አይ. እንቡጥ ያልታየባቸው፣ ነገር ግን በደንብ የሚያሸቱ ሴቶች መኖራቸውን አስታወቁ። እንቡጥ አልታየም ተብሎ ሽታ የለም ማለት፣ እንቡጥ ታየ ተብሎም ሕመምተኛውን ሐሰተኛ ማለት ሁለቱም ስሕተት ናቸው።

በዚህ ምክንያት ምስሉ ከሽታ ፈተና ጋር መጣመር አለበት። እ.ኤ.አ. በ1984 በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው ፈተና 40 ሽታዎችን ያቀርባል፤ ለእያንዳንዱም 4 አማራጭ ይሰጣል። ምንም የማያሸት ሰው በግምት ቢመልስ 10 ያህሉን ያገኛል። እያወቀ ትክክለኛውን መልስ የሚሸሽ ግን ከዚህ እጅግ ዝቅ ስለሚል ራሱን ያጋልጣል። ይሁን እንጂ ፈተናው በአሜሪካ ማዕድ የተለመዱ ሽታዎችን ስለያዘ፣ የዱባ ኬክ አሽትቶ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ያለ በሽታው ሊወድቅ ይችላል። ለእርሱ ቡና፣ ዕጣን፣ ጤና አዳምና ቅርንፉድ ይቀርባሉ።

ሐኪሙም ለፍርድ ቤት ሲጽፍ ሦስቱን ለየብቻ ማስፈር ይገባዋል፤ ሕመምተኛው የተናገረውን፣ ፈተናው ያሳየውንና ምስሉ የገለጠውን። ሦስቱ ሲስማሙ ዳኛው በእርግጠኝነት ሊፈርድ ይችላል። ሳይስማሙ ሲቀሩ ግን ልዩነቱን በግልጽ ጽፎ ምርመራውን መቀጠል እንጂ፣ ምስሉ ዝም አለ ብሎ ሰውን በውሸት መክሰስ የሙያው ክብር አይደለም።